ይሄን አታንብብላት

መካነ ሰላም በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የሁለት ሰዎችን ምስጢር አወጣሁ። ሁለቱም አምነው የነገሩኝ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ግን ከምስጢር ጋር ምንም በማይገናኝ ጉዳይ ነው፤ የሰው ኮምፒውተር አፈጥናለሁ ብዬ ነው።

ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነበርኩ። ሥራዬ በወረዳው መሥሪያ ቤት ከየቀበሌው በወረቀት የሚመጣውን መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነው። ያደግሁት ከአባይ ማዶ፣ ብቸና ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ከከተማው ወጣ ብዬ ገደሉ አፋፍ ላይ ስቆም የጎጃም ተራሮች ይታዩኛል። በአውቶቡስ ልሂድ ካልኩ ግን በአቀስታ፣ በደሴ፣ በአዲስ አበባ ዞሬ ቀናት ይፈጅብኛል። ስለዚህ አልሄድም ነበር።

የምኖረው እማማ ዘሐራ ግቢ ውስጥ ነው። እሳቸው በዋናው ቤት ብቻቸውን፣ እኔ በጓሮ በኩል በተቀጠለችው ክፍል ብቻዬን። መሐላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሲያስሉ እሰማቸዋለሁ። ያም ሆኖ በአንድ ዓመት ከስምንት ወር ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርን አይመስለኝም። እሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም፤ እኔም ኮርቼ አይደለም። ሰው ቤት ገብቶ መቀመጥ አላውቅበትም ነበር። ምሳና እራቴን አንድ ሆቴል ጥግ ይዤ እበላለሁ፣ ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ። አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ከአስተናጋጇ በቀር ከማንም ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ ያልፋል።

እማማ ዘሐራ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሰዓዳ ትባላለች። ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ከመምጣቴ በፊት ስለሄደች አይቻት አላውቅም። አሠሪዋ ስልክ አትፈቅድላትም። በወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ግን ቤተሰቡ በሙሉ አያታቸው ዘንድ ሲሄድ፣ የቤቱ ትልቋ ልጅ ኮምፒውተሯን ክፍት ትታላት ትወጣለች። ሰዓዳ በዚያች ሰዓት በኢንተርኔት ከእናቷ ጋር ታወራለች። ለዚሁ ሲባል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ደሴ ተገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። የእማማ የወንድም ልጅ ሰይድ ደሴ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው የሚሠራው፤ እሱ መጥቶ ከቤቱ ስልክ ጋር አገናኘው።

እማማ ማንበብ አይችሉም። የሚነካውን ነገር ግን በቦታው በቃላቸው ይዘውታል። ማብሪያውን ይጫናሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ከላይ ሦስተኛዋን ስዕል ሁለቴ ይነካሉ፣ የስልኩ መስመር ጮሆ ዝም ሲል ከሥሯ ያለችውን ይነካሉ፣ ከዚያ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ዓርብ ቤት ውዬ በግድግዳው በኩል ሲስቁ ሰምቻቸዋለሁ። በሌላ ቀን ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ጉንፋን ይዞኝ ከሥራ ቀርቼ ተኝቼ ሳለ እማማ በሬን አንኳኩ። ከዚያ በፊት አንኳክተው አያውቁም።

"ምንይችል፣ ልጄ፣ አንተ የዚህን ዕቃ ሥራ ታውቃለህ ይላሉ" አሉኝ።

"የትኛውን ዕቃ እማማ?"

"የሰዓዳን። እስኪነሳ ድረስ ሰላቴን እጨርሳለሁ፤ እንዲያም ሆኖ አይደርስም። ባለፈው ወር ልጄ ግማሹን ሰዓቷን እኔን ስትጠብቅ አለፈባት። ነገ ደግሞ የምነግራት አለኝ።"

ተነስቼ ተከተልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ቤት የገባሁት ያን ዕለት ነው። ኮምፒውተሩ ባለ አበባ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አበራሁትና ጠበቅን። በእውነትም ያዘግማል።

እማማ አጠገቤ ዱካ ላይ ተቀምጠው ማውራት ጀመሩ። የሰዓዳ ኮንትራት ሊያልቅ ነው። ነገ ልፈርምና ሁለት ዓመት ልጨምር ወይስ ልምጣ ብላ ትጠይቃቸዋለች።

"ነይ ልላት ነው" አሉኝ። "ወር ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። ነይ፣ በቃሽ ልላት ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዓይኔም እየከዳኝ ነው። ከመሸ የደጄ ደረጃ አይታየኝም። ይሄንንም ቦታውን ስለማውቀው ነው የምነካው እንጂ ስዕሉን አላየውም። ይሄን ግን ሰዓዳ እንዳትሰማ። ሰይድም አይወቅ። ስለ ዓይኔ ብላ ከመጣች እድሜ ልኳን ትጸጸትብኛለች። ስለ ናፈቅኳት ትምጣ።"

"እሺ እማማ" አልኩ። ልቤ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን መናገር አለብኝ። ደሴ ሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ስልጠና ወስጄ ነበር። አሰልጣኙ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ሰጥቶናል። በኮምፒውተር ውስጥ ሳይታዩ ከጀርባ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሰርቪስ ይባላሉ። ማሽኑ ሲነሳ አብረው ይነሱና ጉልበቱን ይካፈሉታል። ወረቀቱ ከእነሱ መሐል ቢዘጉ የማይጎዱትን ይዘረዝራል። በዚያ ወረቀት የቢሮውን ኮምፒውተር አፍጥኜ ኃላፊዬ በሰው ፊት አመስግኖኛል። መካነ ሰላም ከመጣሁ ሰው ያመሰገነኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ከክፍሌ አመጣሁና ዝርዝሩን ከፈትኩ። በወረቀቱ ላይ ያሉትን ዘጋሁ። አጥፍቼ ሳበራው ከበፊቱ በግማሽ ጊዜ ተነሳ። እማማ "አላህ ይስጥህ" አሉኝ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ገና አንድ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ሥራዬን እያየልኝ ነው፤ መነሳት አልፈለግሁም። ከወረቀቱ ውጪ ወዳሉት አለፍኩ። ስማቸው ያልገባኝን ሁሉ መዝጋት ጀመርኩ። "ሪሞት" የሚል ቃል ያለባቸው ሦስት አራት ነበሩ። ሪሞት ማለት ከሩቅ ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከሩቅ ሰው እንዳይገባባቸው ብዬ ሁሉንም ዘጋሁ። ስለ ስልክ የሚያወሩትንም፣ ስለ ድምፅ የሚያወሩትንም ነካካሁ። የመጨረሻውን እንደዘጋሁ መብራት ጠፋ።

"ደርሷል" አልኩ። "ነገ በአንዴ ነው የሚነሳልዎት።"

በማግስቱ ዓርብ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ ቢሮ ተቀምጬ ቀና ስል እማማ ዘሐራ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው፣ ከጠረጴዛዎቹ መሐል የትኛው የእኔ እንደሆነ ይፈልጋሉ። ወደ እሳቸው ስሄድ በእግሬ ድምፅ ነው ያወቁኝ።

"ልጄ፣ ስነካው ዝም ይላል" አሉ። "የስልኩ ጩኸት የለም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።"

ሳይሳሳቱ ተሳስቼ ይሆናል ማለታቸው አሁንም ድረስ ይቆረቁረኛል። አስፈቅጄ አብሬያቸው ወጣሁ። የሰዓዳ ሰዓት ስምንት ሰዓት ነው፤ አራት ሰዓት ያህል ቀርቶኛል።

ኮምፒውተሩ በርቷል። ስዕሎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው፤ ግን የሞቱ ናቸው። የግንኙነቱ ስዕል አይሠራም። የሰርቪሶቹን ዝርዝር ከፈትኩ፤ የዘጋሁትን ልመልስ ስል አልከፈትም አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ያው ነው።  እማማ ከኋላዬ ቆመዋል።

"ሰይድ ዘንድ ልደውል" አልኩ።

ጥገና ቤቱ ስልክ ያነሳው ሌላ ሰው ነው። ሰይድ ማሽን ሊጠግን ወጥቷል፣ ከጁምዓ በፊት ይመለሳል አለኝ። ቁጥራችንን ነገርኩትና ጠበቅን። አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

ሰይድ የተረጋጋ ሰው ነው። ያደረግሁትን አንድ በአንድ አስወራኝ።

"ሪሞት የሚለውን ዘጋኸው?"

"አራቱንም።"

"ለምን?"

"ከሩቅ ሰው እንዳይገባባቸው ብዬ።"

"ወንድሜ፣ አንደኛው እኮ ሌሎቹ ሁሉ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው። እሱ ከተዘጋ የቀሩትን መክፈቻም የለህም። ይመለሳል፤ የማሽኑ ትእዛዝ የተጻፈበት መዝገብ ውስጥ ገብተህ በእጅህ መቀየር አለብህ። ወረቀት ያዝ።"

ወረቀት ስይዝ መብራት ሄደ። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። የቤት ስልኩ ግን ያለ መብራት ይሠራል፤ የሰይድ ድምፅ አልጠፋም።

"መብራት ጠፋ" አልኩት።

"እንግዲያው ሁሉንም ጻፈው። እኔ ወደ ጁምዓ መሄዴ ነው፤ ከዚያም ኮምቦልቻ ሥራ አለኝ። መብራት ሲመጣ ራስህ ታደርገዋለህ።"

የትኛውን በር ከፍቼ ወደ የትኛው እንደምገባ፣ በስንተኛው ረድፍ የትኛውን ስም እንደምፈልግ፣ የዝጉን ቁጥር አራትን ወደ ክፍቱ ቁጥር ሁለት እንደምቀይር አስጻፈኝ። ከዚያ በኋላ የስልኩን፣ ከዚያ የድምፁን እንድመልስ ነገረኝ። "አክስቴን አይዞሽ በልልኝ" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ከዚያ ተቀመጥን። መብራት የለም። ስድስት ሰዓት አለፈ። ከመስጊዱ አዛን ተሰማ፤ እማማ ወደ ውስጥ ገብተው ሰገዱና ተመልሰው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። እሳቸው ግን "አብሽር፣ ይመጣል" ይላሉ።

"እናት አለችህ?" አሉኝ ድንገት።

"የለችም። አባቴ አለ።"

"ትገናኛላችሁ?"

"በበዓል በበዓል እደውላለሁ።"

"ምን ትለዋለህ?"

"ደህና ነኝ እለዋለሁ።"

"እኔም እሱኑ ነው የምላት" አሉ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። በጎረቤት ሬዲዮ ሲጮህ ሰማሁና ዘልዬ ተነሳሁ፤ መብራት መጥቷል።

ወረቀቱን እያየሁ ገባሁ። ረድፉ ረጅም ነው፤ ስሙን አልፌው ሄጄ ተመለስኩ። አራቱን ሁለት አደረግሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ያችን ጊዜ አልረሳትም፤ እማማ በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋሉ፣ እኔ የአባታችን ሆይ መሐሉ ጠፍቶኝ ከመጀመሪያው እደግማለሁ። ተነሳ። ዝርዝሩ ተከፈተልኝ። የስልኩን መለስኩ። የድምፁንም መለስኩ፤ ማዳመጫው ግን ዝም አለ። ሌላ የነካሁት ነገር ይኖራል፤ የቱ እንደሆነ አላስታውስም። ስምንት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

"እማማ፣ ድምፅ የለም" አልኩ። "ጽሑፍ ግን ይሠራል። የምትጽፈውን አነብልዎታለሁ፤ የሚሉትን እጽፍላታለሁ።"

ማዳመጫውን በእጃቸው ይዘውት ነበር። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "እሺ" አሉ።

መስመሩ ጮኸና ዝም አለ። ከሰዓዳ ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ በራ።

አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው። "እማዬ" አለች። ከዚያ "እማዬ ድምፅሽ አይመጣም።"

ማን እንደሆንኩ፣ እናቷም አጠገቤ እንደተቀመጡ ጻፍኩላት። ብዙ ቆየች።

"ታማብኝ ነው?"

"አይደለም። ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አጠገቤ ናቸው።"

"እንዴት ነሽ በላት" አሉ እማማ። "ሰውነትሽ እንዴት ነው በላት።"

ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አነበብኩት። "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።"

እማማ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። "እንዴት አድርጋ ነው ያለችው?"

"ደህና ነኝ ብላ ነው የጻፈችው።"

"እሱማ ገባኝ። አባባሏን ነው የምልህ።"

ፊደል ብቻ ነው ከፊቴ ያለው።

ሰዓዳ ደግሞ ጻፈች። "እማዬ ማንበብ አትችልም አይደል? የምጽፈውን አታየውም?"

"አያዩትም" አልኩ።

"እንግዲያው ይሄን አታንብብላት።"

ከዚያ መስመር በመስመር መጣ። ከደረጃ ወድቃ ግራ እጇ ከተሰበረ አራት ወር ሆኗታል። በጄሶ ታስሮ ነበር፤ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው። ባልዲ ማንሳት አትችልም፤ በአንድ እጇ ነው የምትሠራው። ማታ ማታ ያማታል። ለእናቷ አልነገረችም፤ በድምፅ ስታወራ እየሳቀች ታልፈዋለች። አሠሪዋ ዛሬ ማታ ወረቀቱን ታስፈርማታለች። "መምጣት እፈልጋለሁ" ብላ ጻፈች። "ግን እማዬ ከእኔ ምን እንደምትጠብቅ አላውቅም። ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለኝ። አንተ አብረሃት ነው የምትኖረው። እውነት ደህና ናት? ነይ ካላለችኝ እፈርማለሁ። እጄን ሰምታ አዝናልኝ ነይ እንድትለኝ ግን አልፈልግም።"

አብረሃት ነው የምትኖረው የሚለው ላይ ቆምኩ። እስከ ትናንት ድረስ ስለ እማማ ዘሐራ ሳላቸው እንዴት እንደሆነ ብቻ ነበር የማውቀው።

"ዝም አልክ" አሉ እማማ።

"እየጻፈች ነው።"

"ምን አለች?"

"ሰላምታ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ሰላምታ?" አሉ። "ስለ ኮንትራቱ አልጠየቀችም?"

"ጠይቃለች። ልፈርም ወይስ ልምጣ ትላለች።"

ትናንት የነገሩኝን ይደግሙታል ብዬ ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

"ድምፅዋን ብሰማ አውቅ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "መምጣት ፈልጋ እንደሆነ፣ ለእኔ ብላ እንደሆነ ከድምፅዋ አውቅ ነበር። አሁን በምን ልወቅ? እንዳሻሽ በላት። እኔ ደህና ነኝ በላት። ብትቆዪም አይከፋኝም በላት።"

"እማማ፣ ትናንት..."

"ትናንት ትናንት ነው። ጻፍላት።"

"እናትሽ ደህና ነኝ ይላሉ" ብዬ ጻፍኩ፤ አልላክሁትም። ድምፁን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልነካካው ኖሮ እኚህ ሴት የልጃቸውን ድምፅ ሰምተው የልባቸውን ይናገሩ ነበር። አሁን ይቺን መስመር ብልካት ሰዓዳ ዛሬ ማታ በደህናው እጇ ትፈርማለች፤ እማማም የደጃቸውን ደረጃ በእግራቸው እየዳበሱ ሁለት ዓመት ይጠብቃሉ። ሁለቱም ደህና ነኝ እየተባባሉ ይቀጥላሉ። የሁለቱንም እውነት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከሁለቱ አንዳቸውንም በቅጡ የማላውቅ ሰው።

የጻፍኩትን አጠፋሁትና ዞር አልኩ።

"እማማ፣ ሰዓዳ እጇ ተሰብሯል።"

አልጮሁም። "የትኛው?" አሉ።

"ግራው። ደህና አልገጠመላትም። እንዳልነግርዎት ብላኝ ነበር።"

"መቼ ነው?"

"አራት ወር ሆናት።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "አራት ዓርብ ስቃልኛለች" አሉ።

እኔ ወደ ኪቦርዱ ዞርኩ። ማንንም ሳላስፈቅድ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "የእናትሽ ዓይን ደክሟል። ከመሸ ደረጃውን አያዩም። እንድትመጪ ይፈልጋሉ፤ ትናንት በአፋቸው ነግረውኛል። ስለ እጅሽም አሁን ነገርኳቸው።" ላክሁት።

"ምን ጻፍክ?" አሉኝ።

"ስለ ዓይንዎ።"

"ማን ጻፍ አለህ?"

"ማንም።"

ውጣልኝ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ዱካቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ፤ እንደማያዩት አውቃለሁ።

"ነይ በላት" አሉ። "በቃሽ፣ ነይ። ከአፌ እንደወጣ ጻፈው፤ የራስህን አትጨምርበት።"

"እናትሽ እንዲህ ይላሉ፦ በቃሽ፣ ነይ" ብዬ ጻፍኩ። ልኬው ሳልጨርስ ከወዲያ በኩል አንድ መስመር መጣ። "ለምን ነገርካት?" ይላል። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ።

መልሼ ደወልኩ፤ ተይዟል ይላል። ደግሜ፣ ሦስተኛ ደግሜ ደወልኩ። ሲገናኝልኝ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ከስሟ ጎን ያለው ነጥብ ጠፍቷል። "ነይ" የሚለው ይድረሳት አይድረሳት የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። እማማ ማዳመጫውን ጨርቁ ሥር አስቀመጡና ሊሰግዱ ገቡ። እኔ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ያን ዕለት ሬዲዮ አልከፈትኩም።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ወር እንዴት ልንገራችሁ? ሰይድ በስልክ እየመራኝ ድምፁን በማግስቱ መለስኩት። የሚቀጥለው የመጀመሪያ ዓርብ ደርሶ ሁለታችንም ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ቁጭ አልን። ድምፁ ይሠራል፣ መስመሩ ይሠራል፤ አረንጓዴው ነጥብ ግን አልበራም። ስምንት ሰዓት አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ። እማማ ማዳመጫውን እስከ ዓሥር ሰዓት ከጆሯቸው አላወረዱትም። ፈርማ ይሆን? በኮምፒውተሩ ማውራቷን ደርሰውባት ይሆን? ተቀይማን ይሆን? ጥያቄውን አንዳችንም ጮክ ብለን አልጠየቅንም።

አንድ ነገር ግን ተለውጦ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ የደጃቸው ደረጃ ላይ ቆሜ እጄን እሰጣቸዋለሁ፤ ይዘውኝ ይገባሉ፤ እኔም እዚያው ቁጭ እላለሁ። ብዙ አናወራም። ዝም ብሎ ከሰው ጋር መቀመጥን ያኔ ነው የለመድኩት። በአንዱ እሁድ ደግሞ ቴሌ ሄጄ፣ በዓል ሳይሆን፣ ወደ አባቴ ጎረቤት ስልክ ደወልኩ። ጠርተውት መጣ። "ምን ሆንክ?" አለኝ ደንግጦ። "ምንም አልሆንኩም" ልል አፌን ከከፈትኩ በኋላ "ብቻዬን ነኝ አባዬ፣ ከብዶኛል" አልኩት። በሕይወቴ ለአባቴ እንዲህ ያለ ነገር ነግሬው አላውቅም። ከዚያ "እኔም ከእናትህ ወዲህ እንደዚያው ነኝ" አለኝ። ሌላ ነገር ሳንጨምር የከፈልኩት ደቂቃ አለቀ።

ሰዓዳ የመጣችው ከሁለተኛው ዓርብ በፊት፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። ማንም አልደወለልንም። ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ከደረሰ ጥቂት ቆይቶ የግቢው በር ተንኳኳ፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ ቀጭን፣ ከእኔ ትንሽ የምታንስ ሴት በቀኝ እጇ ሻንጣ ይዛ ቆማለች። ግራ እጇ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቋል።

"እማዬስ?" አለችኝ።

እማማ ድምፅዋን ከውስጥ ሰምተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደናቀፉ ሮጣ ደገፈቻቸው። ተቃቅፈው ቆዩ። ከዚያ እማማ የልጃቸውን ግራ እጅ ፈልገው ያዙና ከትከሻዋ ጀምረው ወደ ታች ዳሰሱት። ከክንዷ በታች አጥንቱ የጎበጠበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እዚያው ብዙ ቆየ። ሰዓዳም የእናቷን ዓይኖች ታያለች። እኔ የግቢውን በር ዘጋሁና ክፍሌ ገባሁ። ከግድግዳው ባሻገር እስኪነጋ ድረስ ሁለት ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ጥሩ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። ሰዓዳ ግን አላመሰገነችኝም። በማግስቱ ደጅ ላይ አግኝታኝ "አታንብብላት ብዬህ ነበር" አለችኝ። "ነይ የሚለው ደርሶኛል፤ አልፈርምም ካልኩ ወዲያ ኮምፒውተሩ ጋ አላስጠጉኝም እንጂ። ግን ያን ዕለት ማታ ኩዌት ተኝቼ ሳስበው የነበረው እማዬ በጨለማ እያለቀሰች መሆኗን ነው። እኔ ልሸከመው የመረጥኩትን አንተ አራግፈህ እሷ ላይ ጣልከው።" እውነቷን ነው። ልጅቷ ከመጣች በኋላ እኔ እዚያ ግቢ መኖሬም ለሰው ዓይን አይመችም፤ በወሩ ሌላ ቤት ተከራየሁ። ዓርብ ዓርብ እማማን ልጠይቅ እሄድ ነበር። ሰዓዳ ውኃ ታቀርብልኛለች፣ ሰላምታ ትሰጠኛለች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ትገባለች። ከሦስት ዓመት በኋላ ተዛውሬ ልሰናበት ስሄድም እንዲያው ነበረች። በሩ ድረስ ሸኝታኝ "ባትነግራት ኖሮ ፈርሜ ነበር" አለችኝ። "ይቅር ግን አላልኩህም።"

ይህን የምታነቡ ሰዎች ትክክል አድርገሃል ወይ ብትሉኝ፣ አላውቅም ነው የምላችሁ። የማላውቀውን ነገር መነካካት ምን እንደሚያስከትል ያን ዓርብ ተምሬያለሁ፤ የሰው ምስጢርም የማላውቀው ነገር ነበር። ዛሬ ማንም አምኖ የነገረኝን አልናገርም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ደህና ነኝ ሲባባሉ ስሰማ ግን አሁንም አላምናቸውም። ከእናንተ መሐል እንዲህ የምትባባሉ ካላችሁ፣ በመሐላችሁ የገባ ባዕድ ሰው እስኪነግራችሁ አትጠብቁ እላለሁ።

እማማ ዘሐራ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሙሉ በሙሉ ሳያዩ፣ በሰዓዳ ክንድ ተደግፈው። ለለቅሶ ሄጄ ሰዓዳን አገኘኋት፤ አሁንም አልሳቀችልኝም። እኔ ግን ኩዌት ሆና ከምታመሰግነኝ፣ መካነ ሰላም ሆና ብትቀየመኝ እመርጣለሁ።